በሮቤና በጎባ መዝገብ መሀል የቀረው ጠመንጃ

ከአንዱ መዝገብ ተሰርዞ የወጣ፣ ወደ ሌላው መዝገብ ግን ገና ያልገባ ጠመንጃ፣ በመሀል ባለችው ሰዓት የማን ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር። አንድ ጠበቃ ብጠይቀው «በማን እጅ እንዳለ ታይቶ ይወሰናል» አለኝ። «ማንም እጁን ካልሰጠውስ?» ስለው ሰዓቱን አየ። የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ «ልጄ፣ ደግሞ ጠመንጃ ለምን ፈለግሽ?» ብለው ደነገጡና ቀኖና ሊሰጡኝ ቃጣቸው። አንድ የሒሳብ መምህር ወረቀት አውጥቶ ሁለት ክብ ሣለ፤ በክቦቹ መሀል አንዲት ነጥብ አስቀመጠ፤ ነጥቧን ትክ ብሎ ሲያያት ቆየና «ሻይ እንጠጣ» አለኝ። ጠጣን። ነጥቧ እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

ታዲያ ይህን የማነሣው ልፈላሰፍ ብዬ አይደለም። በጥያቄው ውስጥ አንድ ሰው አለ። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። በሮቤ ከእርሳቸው ዓይን የሚበልጥ ዓይን አልነበረም፤ በእኔ ጥፋት ያንን ዓይናቸውን ማመን ተዉ። ስለዚህ ወጉ ስለ ጠመንጃ ቢመስልም ስለ ዓይን ነው።

እኔ ዘግይቼ የተማርሁ ሰው ነኝ። ሀሁ የቆጠርሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ የልጅ ልጅ ካዩ ሰዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። በዚያ ዕድሜ ፊደል የያዘው ሰው እንደ ወባ የማይለቅ ነገር ይዞት ይቀራል፦ የተጻፈ ሁሉ እውነት ይመስለዋል፤ የተሳሳተ ጽሑፍ ካየ ደግሞ እንቅልፍ የለውም። የሰፈራችንን እድር ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መልሼ የለጠፍሁ እኔ ነኝ። ሰዎቹ ለሦስት ወር ሰላምታ ነፈጉኝ። ማስታወቂያው ግን ትክክል ሆነ።

ኦቦ ገመቹ የቀጠሩኝም ለዚህ ጠባዬ ነው። ሱቃቸው ፈቃድ ያለው የአደን መሣሪያ መሸጫና መጠገኛ ነበር። ይህን ስል ሰው ዓይኑን ያፈጣል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከጠመንጃ ይልቅ የምንሸጠው ቀበቶና የጫማ ቅባት ይበዛ ነበር። ጠመንጃው ጥቂት፣ ወረቀቱ ብዙ። የአንዱ ጠመንጃ ፋይል ከራሱ ከጠመንጃው ይከብዳል። እኔ ፋይሉን ወደድሁ፤ ጠመንጃውን ፈራሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከጠመንጃ ጋር ውዬ አንዱንም በጣቴ ነክቼ አላውቅም። አሠራራችንም ሳይታሰብ ለዚህ የተስማማ ነበር፦ ኦቦ ገመቹ ከብረቱ ላይ ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ ከጠረጴዛዬ ሆኜ እጽፋለሁ።

ሲያነቡ ደግሞ ማየት ነበር! መብራት ቢጠፋ እንኳ ያነባሉ። ዳመና በሌለበት ቀን ሱቁ ደጃፍ ላይ ይቆሙና ከጎባ በኩል የሚመጣውን መኪና ገና ብናኝ ሳለ፣ «የመምህሩ ላዳ ናት፤ የግራ መብራቷ ተሰብሯል» ይላሉ። ስትደርስ የመምህሩ ላዳ ናት። የግራ መብራቷም ተሰብሯል።

አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣

«ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሱቁን ልዘጋ ነው። አጋርፋ ያለው ገብሴ ጠርቶኛል።»

«ገብስ ይጠራል እንዴ?»

«ሲያረጁ ይጠራል።»

የጠመንጃ ሱቅ ግን እንደ ሻይ ቤት በር ገጥሞ አይኬድም። ፈቃዱ ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ከዚያ በፊት በሱቁ ያለ መሣሪያ ሁሉ ወደ ሌላ ባለ ፈቃድ ነጋዴ ተዛውሮ፣ ፈቃዱ ተመልሶ፣ ክሊራንስ መያዝ አለበት። ቀኑ ካለፈ በቤቱ የተገኘ ጠመንጃ ሕገ ወጥ ነው፤ ባለቤቱም ነጋዴ መሆኑ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናል። ደግነቱ የቀረን ጠመንጃ አንድ ብቻ ነበር። አሮጌ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ጋሽ ታፈሰ የሚባሉ የጎባ ሰው ሲያርፉ ልጆቻቸው ያመጡት ነው። ኦቦ ገመቹ የሟቹ ወዳጅ ስለነበሩ «እጁ ያረፈበትን አላጥብም» ብለው እንደቆሸሸ ሰቀሉት። የጎባዋ ነጋዴ እትዬ ብዙነሽ ልትረከበው ተስማማች። እትዬ ብዙነሽ ባሏ ሲሞት ሱቁን ዝጊ ቢሏት «ባሌ ሞተ እንጂ እኔ አልሞትሁ» ብላ ፈቃዱን በስሟ ያዞረች ሴት ናት።

እኔ የዝውውሩን መመሪያ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አንዱን አንቀጽማ ከጣዕሙ የተነሣ አራት ጊዜ። ሰጪው ነጋዴ መጀመሪያ ጠመንጃውን ከመዝገቡ ይሰርዛል። መሰረዙ ሲረጋገጥ የዝውውር ፈቃድ ይጻፋል። ከዚያ መሣሪያው ታሽጎ በፖሊስ አጃቢ ይጓዛል። ተቀባዩ ፈቃዱንና ዕቃውን አስተያይቶ፣ ቁጥሩ ሲገጥም ብቻ ወደ መዝገቡ ያስገባል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ያ ጥያቄ የተወለደው። ፈቃድ ክፍል ሄጄ ኃላፊውን ጠየቅሁት።

«ከተሰረዘ በኋላና ከመግባቱ በፊት የማን ነው?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«መንገድ ላይ ያለ የማን ነው?»

«እህቴ፣ ጎባ እኮ ነው የሚሄደው! ሩብ ሰዓት አይፈጅም!»

ሩብ ሰዓት ግን ሰዓት አይደለም እንዴ? አልኩ በልቤ። በልቤ ብዙ እላለሁ።

ወረቀቱ ሄደ፣ መጣ፣ ማኅተም አረፈበት፤ ኦቦ ገመቹ ፈረሙ፣ የፈቃድ ክፍሉ ፈረመ፣ የበላዩ ፈረመ፣ የበላዩ በላይ ፈረመ። በጠቅላላው ስድስት ፊርማ፤ ከእያንዳንዱ ፊርማ በላይ «አይቼ አረጋግጫለሁ» የሚል። የመሣሪያው መለያ ቁጥር፦ 214። ከመዝገባችን በቀይ መስመር ሰረዝሁት። መስመሬ እንደ ክር የቀና ነበር።

በዕለቱ በኦቦ ገመቹ ፒክአፕ ተነሣን። ጋቢናው ውስጥ እርሳቸው መሪ ጨብጠው፣ እኔ መሀል ፋይሉን አቅፌ፣ አጃቢው ሳጅን ከድር በዳር በኩል ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ። ከሮቤ እንደወጣን አላስችል አለኝ።

«ሳጅን፣ አሁን ይሄ ጠመንጃ የማን ነው?»

«የኦቦ ገመቹ ነዋ።»

«የእርሳቸው አይደለም። ትናንት ተሰርዟል።»

«የእትዬ ብዙነሽ ነዋ።»

«ገና አልገባላትም።»

ሳጅን ከድር ጥቅልሉን አየው። እኔን አየኝ። «ወላሂ የኔ እንዳይሆን ብቻ!» አለና ጭኔ ላይ ጣል አደረገው። እኔ ጮኽሁ። ጠመንጃ ነክቼ አላውቅማ! በክርኔ ወደ ኦቦ ገመቹ ገፋሁት፤ እርሳቸው ማርሽ ሊቀይሩ ሲሉ ሰደፉን ጨበጡ። «ኧረ ተዉ፣ ልትገለብጡን ነው!» አሉ። ጠመንጃው ጎባ እስኪደርስ ከሦስታችንም ጭን አረፈ፤ ማንም ግን የኔ ነው አላለም።

እትዬ ብዙነሽ እስክሪብቶዋን ሻሿ ውስጥ ሽጣ ጠበቀችን። ፋይሉን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት። በአገጯ ጠረጴዛውን አሳየችኝ።

«አስቀምጪው። እኔ ወረቀት የማነበው ከዕቃው በኋላ ነው።»

ነገሩ አላማረኝም። ማሸጊያውን ቆረጠች፤ ብርድ ልብሱን ገለጠች፤ ጨርቅ በላምባ ነከረችና ከምላጩ በላይ ያለውን ብረት አሻሸችው። የጋሽ ታፈሰ የስንት ዘመን እድፍ ለቀቀ። አጎንብሳ አነበበች፤ ከዚያ ወረቀቱን አነበበች፤ ከዚያ እኛን በየተራ አነበበችን።

«ብረቱ ላይ ያለው ሰባት አኃዝ ነው። እናንተ የጻፋችሁት ሦስት። አራቱን ማን በላው?»

«ይኸው!» አልኩ ቶሎ ብዬ፤ የሰደፉን እንጨት ከሩቁ በጣቴ እያመለከትሁ። በጋለ ብረት ተመትቶ፣ ጥርት ብሎ 214 ይላል። «ቁጥሩ ይሄ ነው።»

እትዬ ብዙነሽ ቁጥሩን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ጓዳ ገባችና አንድ በርጩማ ይዛ ወጣች። ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠመንጃው ጎን አስቀመጠችው። ከበርጩማው ሥር በጋለ ብረት የተመታ ቁጥር አለ፦ 214።

«የጋሽ ታፈሰ የእድር ቁጥር ነው» አለች ሳቋ እያነቃት። «ነፍሳቸውን ይማርና የእድራችን ንብረት ያዥ ነበሩ። የእድሩን አግዳሚ ሁሉ ምልክት ሲያደርጉ ውለው፣ ብረቱ ሳይበርድ ብለው የቤታቸውን ዕቃ በሙሉ በራሳቸው ቁጥር አተሙት። ሙቀጫውን አተሙ፣ ሞፈሩን አተሙ፣ የበሩን መቃን አተሙ። በሬው ገመዱን በጥሶ ነው የተረፈው! ይቺን በርጩማ ለሠርግ ተውሼ ሳልመልስ ሞቱብኝ።»

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ይወቅልኝ። ያን ቁጥር መዝገብ ላይ ያሰፈርሁት ያለ ኦቦ ገመቹ ንባብ ነው። ጠመንጃው ሱቅ የመጣ ቀን እርሳቸው ከጋሽ ታፈሰ ልጆች ጋር ተቃቅፈው ያለቅሱ ነበር። ልጆቹ ያመጡትን አሮጌ ፈቃድ፣ በተለይ ቁጥሩ ያለበትን ጥግ፣ አይጥ በልቶታል። በለቅሶ መሀል ቁጥር ያንብቡልኝ ማለት ነውር ሆነብኝ። ስለዚህ ከወንበሬ ብድግ አልሁ፤ አንድ ክንድ ያህል ርቄ አንገቴን አሰገግሁ፤ ሰደፉ ላይ 214 አየሁ፤ ጻፍሁ። ቁጥሩ አጭር መሆኑ ሳይታየኝ ቀርቶ አይደለም። አስቤበታለሁ። «ጠመንጃው አሮጌ ነው፤ ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር ሁለት መቶ አሥራ አራተኛ ሆኖ የወጣ መሆን አለበት» ብዬ ተፈላስፌ፣ በማግኘቴም ተደስቼ ነበር። ለካ የጎባ እድር ሁለት መቶ አሥራ አራተኛ አባል ኖሯል። ከዚያ በኋላ ስድስት ሰው አይቼ አረጋግጫለሁ ብሎ ፈረመ። ያየሁት ግን እኔ ብቻ፤ እኔም ከአንድ ክንድ ርቀት።

ይህን ሁሉ ልናገር አፌን ስከፍት ኦቦ ገመቹ ቀደሙኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ ያነበብኩላት» አሉ። «ሁልጊዜ የማነብላት እኔ ነኝ። ሰባቱ አኃዝ ሦስት ሆኖ ታየኝ ማለት ነው?» ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሹት። «ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ሲጨልምብኝ አላወቅሁም።»

ያን ጊዜ ነበር መናገር። ግን ሳጅን ከድር የፈቃድ ክፍሉን ኃላፊ ደውሎ አግኝቶት ኖሮ፣ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ይጮህ ጀመር።

«ስድስት ፊርማ ያለበት ወረቀት አይሳሳትም! ጠመንጃው ሌላ ይሆናል፤ ይጣራ!»

«ጌታዬ፣ ቁጥሩ በርጩማ ላይም አለ።»

ከወዲያ ማዶ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ። ከዚያም፣

«በርጩማው ፈቃድ አለው?»

እትዬ ብዙነሽ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ወረቀት ላይ ያለው ጠመንጃ በዓለም የለም፤ በዓለም ያለው ጠመንጃ ወረቀት ላይ የለም። እትዬ ብዙነሽ «ያልገጠመ አላስገባም» አለች፤ ትክክል ናት። ሮቤ እንዳንመልሰው ተሰርዟል። ሳጅን ከድር ደግሞ ትእዛዙን አውጥቶ አነበበልን፤ «ጎባ አድርስ ይላል። መልስ የሚል የለበትም።»

በመጨረሻ ጎባ ፖሊስ ጣቢያ ወሰድነውና የሚያስገቡበት ሌላ መዝገብ ስላጡ በጠፍቶ የተገኘ ንብረት መዝገብ አሰፈሩት። ከአንድ ጃንጥላ በታች፣ ከአንዲት ባለቤቷ ካልታወቀ በቅሎ በላይ። አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ ልማዴ ነው። «ባለቤት» በሚለው ሥር «ያልታወቀ» ብለው ጽፈዋል። ኦቦ ገመቹ እዚያው ቆመው ነበር። ዓይናቸውን ያሻሉ።

ማረሚያው ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ፈቃዱ ሊያበቃ እየተቃረበ ነው፤ ኃላፊው ደግሞ «ምክንያት የሌለው ስህተት አይታረምም» ብሎ ድርቅ አለ። ማን ተሳሳተ? በምን ምክንያት? በጽሑፍ ይቅረብ።

«ዓይኔ ነው» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ዕድሜ ነው ጋሼ፣ መነጽር ይግዙ» አለ ኃላፊው፤ ራርቶላቸው። ወደ እኔ ዞረና «በዕይታ መድከም ምክንያት ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

ጻፍሁ። በሦስት ቅጂ። ጠርዙ የተስተካከለ፣ ሥርዓተ ነጥቡ የተሟላ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። አንድም ስህተት የለበትም፤ ውሸት መሆኑ ብቻ ነው። ለምን ዝም አልሁ? በዚያው ቀን ኦቦ ገመቹ ለቀጣይ መሥሪያ ቤት የምወስደውን የሥራ ልምድ ማስረጃ ፈርመው ሰጥተውኝ ነበር። «በጥንቃቄዋ ወደር የላትም» ይላል። እድር ያረመ ሰው፣ ታፔላ ያረመ ሰው፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር ያረመ ሰው፣ እንዴት ብሎ የበርጩማ ቁጥር ጻፍሁ ይላል?

ፈቃዱ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠመንጃው በሰባቱም አኃዝ ጎባ መዝገብ ገባ። ኦቦ ገመቹ ክሊራንሳቸውን ያዙ። ከሮቤ ገበያ መነጽር ገዙ፤ መስታወቱ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ። ፒክአፑን «ሰው ልገድል ነው» ብለው ለወንድማቸው ልጅ ሰጡ። አጋርፋ ገቡ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። ይህን ያለ ሰው ስንቁን እንጂ ውሸቱን ተሸክሞ አልሄደም። እኔ ባገኘሁት ማስረጃ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርሁ፤ መጽሐፍ በተራ በተራው እደረድራለሁ፤ ከአጋርፋ ሰው በመጣ ቁጥር ወሬ እጠይቃለሁ። መጽሐፍ ቅዱሱን ሚስታቸው ናት አሉ የምታነብላቸው። ደጃፍ ላይ መቆም ትተዋል አሉ። በመስክ አንድ ጉቶ ሰው መስሏቸው ግማሽ ቀን ሲጣሩ ዋሉ አሉ። ወሬው በመጣ ቁጥር ቁጥር 214 ያለበትን መጽሐፍ እያወጣሁ መልሼ አስገባለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ገብሱ የታጨደ ሰሞን ጠዋት አውቶቡስ ያዝሁና አጋርፋ ወረድሁ። ኦቦ ገመቹ ከቤታቸው በራፍ መነጽራቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ስቀርብ ብድግ አሉና አጥሩ ሥር ለቆመችው አህያ እጃቸውን ዘርግተው፣

«አካም ጅርታ ኢንተለ ኮ! ደህና ነሽ ወይ? ከስተሻል!» አሏት።

«እዚህ ነኝ ኦቦ» አልሁ።

ዞሩ። ተሳሳምን። ወንበር ሳልይዝ፣ ውኃ ሳልቀበል ነገርኋቸው። የሟቹን ልጆች፣ ለቅሶውን፣ አንዷን ክንድ ርቀት፣ ሰደፉን፣ ደብዳቤውን። እንደ ዝውውር ፋይል ከላይ እስከ ታች፣ አባሪ ሳይቀር።

መነጽራቸውን አስተካክለው አዩኝ።

«እኔ አላነበብኩም?»

«አላነበቡም።»

«ዓይኔ አላየውም?»

«ዓይንዎ እንባ ይዞ ነበር።»

«እና ይሄን ያህል ጊዜ ለምን ዋጥሽው?»

«ስህተት ስለማልወድ።»

«አይ አንቺ! ስህተት የማትወጂ ሰው፣ ደብቀሽ ስታሳድጊው ኖርሽ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። አፍንጫቸው ላይ ሁለት ጉድጓድ ሠርቷል። «ይሄ ነገር ራሴን ሲያዞረው፣ መነጽር ማለት እንዲህ ነው ብዬ ተቀበልሁት እኮ» አሉና ወደ መንገዱ ዞሩ። ሜዳው መጨረሻ ላይ ብናኝ ይታያል። እኔ ብናኝ ብቻ ነው ያየሁት።

«ባጃጅ ናት» አሉ ቀስ ብለው፣ ራሳቸውን እየፈሩ። «የኋላ ግራ ጎማዋ አየር ጎድሎታል።»

ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። መጣች። ባጃጅ ናት። የኋላ ግራ ጎማዋ እንደተደፋ ሊጥ ተዘርግቶ፣ ሹፌሩ እየተራገመ አለፈ። ኦቦ ገመቹ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ይህኛው መጠራረግ እንደዚያኛው አልነበረም።

ከዚያ «ወረቀት ይዘሻል?» አሉኝ።

እኔ ወረቀት ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም።

«ጻፊ። ከገመቹ ወደ አንቺ የተዛወረ፣ አንድ መነጽር።»

ጻፍሁ። «መለያ ቁጥር?»

«እኔ አላነብልሽም። በእጅሽ ይዘሽ፣ ገልብጠሽ አይተሽ ጻፊ።»

እጄን ዘረጋሁ። የመነጽሩን አንዱን ክንድ ያዝሁ፤ እርሳቸው ሌላውን አልለቀቁም። «መጀመሪያ ፈርሚ» አሉ። «መጀመሪያ ልይ» አልሁ። መነጽሩ በሁለታችን እጅ መሀል ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የአጋርፋ ፀሐይ ከመስታወቱ ላይ ያብለጨልጫል። አላስችል አለኝ።

«ኦቦ ገመቹ፣ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ የማን ነው?»

«የጥፋተኛው ነው» አሉና ለቀቁት።

ስለ ጠመንጃው አልመለሱልኝም፤ እኔም አልደገምሁም። መነጽሩን ገለበጥሁት፤ ክንዶቹን በጣቴ ዳሰስሁ፤ ወደ ፀሐይ አንሥቼ አየሁ። ምንም የለበትም። «ቁጥር የለውም» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ።